ሐይቅ ድረስ ከነዋሱ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ባልና ሚስት ተጣልተው ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ፣ እጁን ያነሳው ወገን ዋስ ይጠራል። ዋሱ ብድግ ብሎ «ሁለተኛ አይነካትም፤ ቢነካት እኔን ጠይቁኝ» ይላል። ሽማግሌዎቹ ይመርቃሉ፤ ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ዋሱም ወደ እርሻው ይሄዳል። ዋስ የተጠራለት እጅ ግን አብሯት ቤት ይገባል፣ አብሯት ራት ይበላል፣ አብሯት ይተኛል። ይህን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። በሦስተኛው ላይ በቃኝ አልኩ።

ባሌ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። የሮቢትን ሽንኩርት ደሴ ያራግፋል፣ ሲመለስ ያገኘውን ይጭናል። ክፉ ነው ብዬ ብጀምር ይቀለኝ ነበር፤ ግን ውሸት ይሆናል። ሙቀቱ ሲጠና ግቢው ውስጥ አልጋ አውጥቶ አጎበር የሚወጥርልኝ እሱ ነበር። ብርቱካን ልጦ፣ ፍሬውን አውጥቶ የሚያጎርሰኝም እሱ ነበር። ሲመታ ደግሞ አይጮኽም፣ አይሳደብም። የጠበቀ ጎማ እንደሚፈታ ሰው ጥርሱን ነክሶ፣ ዝም ብሎ ይመታል። ምክንያቱን ብጽፈው ትስቃላችሁ፤ ጨው የበዛበት ወጥ፣ ቶሎ ያልተነሳ ስልክ። እኔም እጄን አጣጥፌ የምመታ ሴት አይደለሁም። በግራ ጆሮው ጫፍ ላይ ያለችው ጉድለት የኔ ጥርስ ሥራ ናት፤ እስካሁን ሳስባት ደስ ይለኛል። በመጨረሻው ጊዜ ግን አንገቴን አንቆ ከበሩ መቃን ጋር አጋጨኝና ለሳምንት ያህል በአንድ ዓይኔ ብቻ ነበር የማየው። እንደሚገድለኝ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። አስቦበት አይደለም፤ አንድ ቀን እጁ ሳያስበው ይገድለኛል።

ሽማግሌዎቹ በረንዳችን ላይ የለስላሳ ሳጥን ደፍተው ተቀመጡና ፈረዱ። እናቴ ያለችው ሐይቅ ከተማ ነው፤ ከደሴ አለፍ ብሎ፣ ውኃው ዳር፣ አሳ አጥማጆቹ ሰፈር። እኔም እዚያው ተወልጄ አድጌ ነው ለዚህ ሰው የተዳርኩት። «እናቷ ድረስ ይዟት ይሂድ፣ ጉልበት ስሞ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ሚስቱን ይዞ ይመለስ» አሉ። «ይዞ ይመለስ» የምትለዋን ሰማኋት። በልቤ፣ እዚያ ከደረስኩ አልመለስም አልኩ። ብቻዬን በአውቶቡስ ብሄድ ኮበለለች ይባላል፤ የኮበለለችን ሚስት ደግሞ ሽማግሌ እናቷ ደጅ ድረስ ተከትሎ ይመልሳታል። ስለዚህ ከሱ ጋር መሄድ ነበረብኝ፤ ያን ሁሉ መንገድ፣ ጎን ለጎን፣ አንድ ጋቢና ውስጥ።

«እሄዳለሁ» አልኩ። «ዋሱም አብሮን ይሄዳል።»

ሳቁ። «ዋስ በቃሉ ነው እንጂ በአካሉ ይጫናል እንዴ?» አለ አንደኛው።

«እኔን የሚመታኝ በቃሉ አይደለም። ዋሱ ጋቢና ውስጥ ካልተቀመጠ አልነቃነቅም።»

ዋሱ ግን «እሄዳለሁ» አሉ።

እኚህ ሰው ከከተማው ዳር ማሽላና ሽንኩርት የሚያርሱ ሙስሊም ገበሬ ናቸው። ባሌ አባቱ በልጅነቱ ሞቶበት በሳቸው ደጅ ስላደገ «አባባ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደሱው። በቀደሙት ሁለት ዕርቆች ዋስ የሆኑት እሳቸው ነበሩ፤ በሦስተኛውም የተጠሩት እሳቸው ናቸው። በሁለቱም ጊዜ በሩ ድረስ ሸኝተውኝ «ተመለሺ ልጄ፣ እኔ አለሁ» ብለውኛል። ስለዚህች ቃል ጠልቻቸው ነበር። አብረውን ይሂዱ ያልኩትም ስለወደድኳቸው አይደለም፤ ዋስ የሆኑለትን እጅ በዓይናቸው እንዲያዩት ፈልጌ ነው። ባሌ ግን ደስ አለው። የሱ ሰው ናቸው፣ ለሱ ያዳላሉ ብሎ አሰበ መሰለኝ።

በሄድንበት ጠዋት ሁለት ቀሚስ ደርቤ ለበስኩ። የምወደውን ከሥር፣ ሰፊውን ከላይ። ለይቅርታ የምትሄድ ሚስት ሻንጣ ከያዘች ነገሩ ይነቃል፤ ባዶ እጅ መሄድ ደግሞ አልሆንልኝ አለ። ሮቢት ላይ አንድ ቀሚስ እንኳ የሚከብድበት ወቅት ነበር። ጀውሃ ሳንደርስ ላቡ ከጀርባዬ እስከ ተረከዜ ይወርድ ጀመር። አባባ በመካከላችን ተቀምጠዋል፤ ሽርጣቸውን ሰብስበው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው። ባሌ ማርሽ በለወጠ ቁጥር ዘንጉ ጉልበታቸውን ይነርታቸዋል። እሳቸው አንዴም አላማረሩም።

«ልጄ፣ አልሞቀሽም?» አሉኝ ፊቴን አይተው።

«ብርድ ብርድ ይለኛል» አልኩ። ባሌ በመስታወቱ አየኝ።

ሰንበቴን አለፍን፣ አጣዬን አለፍን። ባሌ ሲናደድ የሚነዳው እንደዚያ ነበር፤ ባጃጅ አይቶ አይቀንስም፣ ጠመዝማዛ ላይ ይቀድማል፣ የመንገድ ዳር ልጆች ሲበተኑ ይስቃል። ካራቆሬ መግቢያ ላይ ግን ቀነሰ። በግራ በኩል በግጭቱ ጊዜ የተቃጠሉ ቤቶች አሁንም እንደቆሙ ናቸው፤ ግድግዳው ጠቁሯል፣ ጣሪያው የለም፣ አንዱ ውስጥ ማሽላ በቅሏል። በጣቱ አሳየኝ።

«ይኼን እይ» አለ። «ሰው ማለት ይኼን ያየ ነው። አንቺ ለአንድ ጥፊ አገር ትሰበስቢያለሽ።»

«ይኼን ያቃጠለውም በአንድ ክብሪት ነው የጀመረው» አልኩት።

እጁ ከመሪው ተነሳ። እውነቴን ነው፤ ተነስቶ አየሁት። አባባ ከዘራቸውን ከጉልበታቸው አንስተው ዳሽቦርዱ ላይ፣ በሱና በኔ መካከል፣ አጋደሙት። እጁ ተመልሶ መሪውን ያዘ።

ከካራቆሬ ወዲያ አንዲት ጥቁር ፍየል መንገድ ገባች። ፍሬን አልያዘም። ድምፁን በእግሬ ሥር ሰማሁት። ቁልቁል ሲወርዱ የነበሩ ሰዎች ጮኹ፤ ከዚያ ድንጋይ መጣ። የመጀመሪያው ከኋላ ያለውን የጭነት ሣጥን መታ፣ ሁለተኛው በኔ በኩል ያለውን መስታወት አደቀቀውና ስብርባሪው ጭኔ ላይ ፈሰሰ። ያኔ ባሌ መኪናውን አቆመ። ሌላ ሹፌር ቢሆን ነድቶ ያመልጥ ነበር። እሱ ከመቀመጫው ሥር የክሪኩን ዘንግ ስቦ ወረደ።

የፍየሏ ባለቤት ቀጭን ሰውዬ ነበር፤ የፍየሏን ቀንድ ይዞ ከአስፋልቱ ሊጎትታት ጎንበስ እንዳለ ነው ትከሻው ላይ ያሳረፈበት። ብረቱ ሥጋ ላይ ሲያርፍ ድምፁ ደረቅ አይደለም። ሰውዬው ፍየሏ ላይ ወደቀ። ወዲያው አምስት ይሁኑ ስድስት ሰዎች ባሌን ተሸከሙት ማለት ይቻላል፤ አንዱ ጉሮሮውን አነቀ፣ አንዱ በድንጋይ ጀርባውን ደቃው፣ ዘንጉንም ነጠቁት። ከጋቢናው ሆኜ አየሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አላዘንኩም። ጨርሱት አልኩ በልቤ። እኔ ሳልሆን እነሱ ይጨርሱት።

አባባ ወረዱ። ሽማግሌ ናቸው፤ ከአይሱዙ መውረድ ራሱ ሥራ ነው ለሳቸው። ነጭ ኮፍያቸውን ከራሳቸው አውልቀው አስፋልቱ ላይ አስቀመጡና መላጣቸውን ለፀሐዩ ሰጥተው ቆሙ። በኦሮምኛ ተናገሩ። እኔ የገባኝ ጥቂቱ ነው፤ «ልጄ ነው» አሉ፣ «ዋሱ ነኝ» አሉ፣ «አላህ ያያል» አሉ። በኋላ እንደነገሩኝ፣ የሰንበቴ ገበያ ዕለት ከራሳቸው መንጋ የምትወልድ ፍየል ነድተው እንደሚመጡ፣ የተመታውም ሰውዬ ትከሻ እስኪሽር እርሻውን በልጆቻቸው እንደሚያሳርሱ ቃል ገቡ። ሰዎቹ ኮፍያውን ከመሬት አንስተው መልሰው ራሳቸው ላይ ሲያደርጉላቸው ባሌን ለቀቁት።

ተመልሰው መሐላችን ተቀመጡ።

«አሁን ደግሞ የፍየል ዋስ ሆኑ» አልኳቸው፤ ንዴቴ ገና አልበረደም።

«ፍየሏ ቀላል ናት ልጄ» አሉ። «ፍየሏ ሞታለች።»

ከሚሴን አልፈን ሐርቡ ስንደርስ ሶላት ደረሰ። አባባ መኪናው እንዲቆም ጠይቀው ከአንድ ግራር ሥር አነጠፉ። እኔና እሱ ጋቢና ውስጥ ብቻችንን ቀረን። አንገቱ ላይ የሰውዬው ጣቶች ያረፉበት ቦታ ቀልቷል። ወደ ፊት እያየ እጁን በመቀመጫው ላይ አሻግሮ አንጓዬን ያዘኝ።

«ይኼን ሽማግሌ ለምን ጎተትሽብኝ?» አለ በዝግታ።

«ልቀቀኝ።»

«ሰው ፊት አዋረድሽኝ። ስንመለስ እንነጋገራለን።» ያንን «እንነጋገራለን» አውቀዋለሁ። አንጓዬን ጠመዘዘው፤ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ደም የማይደርስባቸው ይመስል ነጡ። አልጮኽኩም። ጥርሴን ወደ እጁ ላወርድ ስል የአባባን ፊት በተሰበረው መስኮት በኩል አየሁት። ሶላታቸውን ሲያሳጥሩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በሩን ከፍተው ገቡ፣ መሐላችን ተቀመጡ፣ የባሌን ጣቶች ከአንጓዬ ላይ አንድ በአንድ አላቀቁ። ከዚያ ደሴ እስክንገባ ድረስ አንጓዬን በራሳቸው መዳፍ ሸፍነው ያዙት። መዳፋቸው ሻካራ ነበር፣ የሽንኩርት ሽታም ነበረው። ስድስት ዓመት በጋብቻ የኖርኩ ሴት በዚያ መንገድ ላይ ልጅ ሆኜ አለቀስኩ፤ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ።

የሐረጎን ዳገት ስንወጣ አየሩ ቀዘቀዘ። ደሴ ላይ ሽንኩርቱ ሲራገፍ ሁለቱ ቀሚሶቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀሙኝ። ከዚያ ወደ ሐይቅ ቀጠልን። ዳገቱን ዞራችሁ ውኃው ድንገት ሲገለጥ የማይደነግጥ ሰው አላየሁም። አባባ «ሱብሃነላህ» አሉ። ከቆላው ወጥተው ያን ያህል ውኃ አንድ ላይ አይተው አያውቁም። ታንኳዎቹ ዳር ላይ ተደርድረዋል፣ መረብ እሾህ ላይ ተሰጥቷል፣ የተጠበሰ አሳ ሽታ መንገዱ ድረስ ይመጣል። የምኮራበትን አገሬን የማሳያቸው ቀን ይህ መሆኑ አናደደኝ።

እናቴ ደጃፏ ላይ ቆማ ተቀበለችን። ባሌ ወደቀ፤ ጉልበቷን ስሞ «ይቅር በይኝ እማዬ» አለ፣ እንባውም መጣ። እንባው የውሸት አልነበረም፤ መከራው እሱ ነው፣ ምንጊዜም የውሸት አልነበረም። እናቴ የኔን አንጓ አየች፣ የሱን አንገት አየች፣ የተሰበረውን መስታወት አየች። «ተነሳ፣ ምሳ ብሉ» ብቻ አለች።

ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ጠብሳ አቀረበች። አባባ ትሪውን በጥርጣሬ አዩት።

«እኔ ይኼን የእባብ ዘመድ አልበላም፤ ወላሂ ጾሜን አድራለሁ።»

«የሮቢት ሰው ከሽንኩርት ሌላ ምን ያውቃል!» አለች እናቴ፤ ሁላችንም ሳቅን። ባሌም ሳቀ። እሾኹን አውጥቶ አጎረሰኝ። ጎረስኩ። እዚያ ትሪ ዙሪያ ያየን ሰው ዕርቁ አማረ ይል ነበር።

ከምሳ በኋላ «እንግዲህ ሳይመሽ እንውረድ» አለ፣ ቁልፉን እያቅጨለጨለ። «እጄን ልታጠብ» ብዬ ወደ ውኃው ወረድኩ። እጄ የአሳ ቅባት ነበረው፤ ግን ለመታጠብ አልነበረም የሄድኩት፣ አልሄድም የሚለውን ቃል ከአፌ ለማውጣት ድፍረት ለመፈለግ ነው። እንዳይረጥብብኝ የላይኛውን ቀሚስ ሰብስቤ ወገቤ ላይ አሰርኩና እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገባሁ።

ባሌ ከኋላዬ መጥቷል። ዞር ስል ዓይኑ ቀሚሴ ላይ ነው፤ ከሥር ያለው ላይ። ያ ቀሚስ የሰርጋችን ሰሞን እናቴ የሰጠችኝ ነበር። ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ገባው።

«ሁለት ለብሰሽ ነው የመጣሽው» አለ።

«አዎ።»

«ከጠዋት ጀምሮ።»

«ከጠዋት ጀምሮ። አልመለስም።»

የመጀመሪያው ምት ጆሮዬ ላይ አረፈ። ዓለም ጸጥ አለ፤ ውኃው አፌ ውስጥ ገባ። በእንብርክኬ ሆኜ እጄ ያገኘውን ድንጋይ ይዤ ጉልበቱን መታሁት። በደንብ ነው የመታሁት፤ ሸብረክ አለ። ፀጉሬን ይዞ ወደ ውኃው ደፈቀኝ። ጭቃ አየሁ፣ የራሴን አረፋ አየሁ። በጥርሴ ጭኑን አገኘሁትና ነከስኩ፤ ለቀቀኝ። ቀና ስል ከታንኳው ላይ መቅዘፊያ አንስቷል። ከባድ መቅዘፊያ ነው፣ የእንጨት። በሁለት እጁ ከራሱ በላይ ሰቀለው፤ ፊቱ ላይ ምንም ነገር አልነበረም።

አባባ ውኃ የሚፈሩ ሰው ናቸው፤ ሽርጣቸው በውኃ ርሶ፣ ከዘራቸውን ጥለው ሲገቡ አየኋቸው። በመካከላችን ቆሙ። እጃቸውን አላነሱም፣ አልተከላከሉም። ፊታቸውን ወደ እሱ፣ ጀርባቸውን ወደ እኔ አድርገው ቆሙ። መቅዘፊያው ወረደ።

አፋቸው ላይ ነው ያረፈው። ደሙ ነጭ ጢማቸውን ተከትሎ ውኃው ውስጥ ይንጠባጠብ ጀመር። አልወደቁም። ባሌ መቅዘፊያውን ይዞ ማንን እንደመታ ሲያይ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ፊት አላየሁም።

«አባባ…» አለ።

እናቴ እየጮኸች መጣች፤ አሳ አጥማጆቹም ከየታንኳው ዘለው መጡና ከበቡት። አባባ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟቸው። መዳፋቸው ላይ ተፉ፤ ሁለት ጥርስ። አዩአቸውና ጨበጧቸው።

«ዋስ የሆንኩት ይቺ እጅ እንዳትነሳ ነበር» አሉ፤ ከንፈራቸው ስለተሰነጠቀ ቃሉ በግድ ነው የሚወጣው። «ተነሳች። ቢነካት እኔን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ይኸው ተጠየቅሁ። ካሁን ወዲያ ዋስህ አይደለሁም። ሰንበቴ ይሁን ሮቢት፣ መስጊድ ደጅ ይሁን ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ለዚህ ልጅ ዋስ ልሁን የሚል ሰው ከተነሳ እነዚህን ጥርሶች አሳየዋለሁ።»

ባሌ ውኃው ውስጥ ተቀመጠ። ማንም አልነካውም።

እናቴ አባባን ቤት አስገብታ ቁስላቸውን በጨው ውኃ አጠበች። ጠንካራ ነገር ማኘክ ስለማይችሉ የአሳ ሾርባ ሠራችላቸው። የእባቡን ዘመድ ዝም ብለው ጠጡት። እንዲያድሩ ለመንናቸው። እምቢ አሉ፤ ከዘራዬ ይፈለግልኝ አሉ።

«በምን ይሄዳሉ?» አልኳቸው።

«በመጣሁበት።»

አበድኩ። ጮኽኩባቸው፤ በዕድሜዬ ሽማግሌ ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። «ጥርስዎን ካወለቀው ሰው ጋር? እኔን ውኃ ውስጥ የደፈቀኝ ሰው ጎን ተቀምጠው? አሁንም ለሱ!»

«ዋስ የሌለው ሰው ብቻውን መንገድ ላይ አይለቀቅም» አሉ። «ወይ ገደል ይገባል፣ ወይ ሌላ ሰው ላይ ይገባል። እኔ ሮቢት አድርሼው ከዚያ በኋላ አላውቀውም።» ግንባሬን ሳሙኝ፤ ደማቸው ፀጉሬ ላይ ቀረ። ወጥተው ጋቢናው መሐል፣ የማርሹ ዘንግ የሚነርታቸው ቦታ ላይ ተቀመጡ። በጎናቸው ያለው የኔ መቀመጫ ባዶ ነበር፤ ወደዚያ ፈቀቅ አላሉም። መኪናው ዳገቱን እስኪዞር ድረስ ቆሜ አየሁት። ጆሮዬ አሁንም ይጮህ ነበር፤ በዚያ በኩል ዛሬም ሰው ሲያናግረኝ ዞር ማለት አለብኝ።

በማግስቱ ደወሉ።

«ገብተናል ልጄ» አሉ። ድምፃቸው በእብጠቱ ውስጥ ታፍኗል።

«እሱስ?»

«ከሐረጎ እስከ ካራቆሬ አለቀሰ። ፍየሏ የሞተችበት ቦታ ስንደርስ ዝም አለ። ዝም ሲል ፈራሁት።» ቀጠሉ። «ሽማግሌዎቹ ዛሬ ይሰበሰባሉ። ልጁ ተጸጽቷል፣ ትመለስ የሚሉ አሉ።»

ስልኩን በደህናው ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት። ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሸኝተው «ተመለሺ ልጄ» ያሉኝን ሰው ለመጠየቅ ፈራሁ። ተመለሺ ቢሉኝ ኖሮ እመለስ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። እመለስ ነበር መሰለኝ።

«አንቱስ ምን ይላሉ አባባ?»

«አትመለሺ» አሉ። ከዚያ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ አፋቸውን አስተካክለው፣ «ከንፈሬ አብጦ ቃሌ ሳይጠራልሽ ቀርቶ ይሆናል፤ ልድገምልሽ» አሉኝ። «አትመለሺ ልጄ።»